«ይሰቀል» ከምትሉ ምስክር ሁኑልኝ

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? እኔ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዛ ዳኛ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ጠበቃ ሆኜ ዕድሜዬን አዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል የልጅ ልጆቼ ስልካቸው ላይ የምትጻጻፉትን ያሳዩኛል፣ እና አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

አንድ ክፉ ነገር በተሰማ ቁጥር «ይሰቀል»፣ «ዕድሜ ልክ ያንሰዋል» ትላላችሁ። ንዴታችሁ ይገባኛል። በ2016 መጨረሻ ላይ ተደፍራ የተገደለችው የባሕር ዳሯ ሕፃን ጉዳይ አደባባይ ወጥቶ 25 ዓመት ተፈረደ ሲባል እናንተ ስትጮኹ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት። ግን ስትጮኹ ሕጉን ብታውቁት ደስ ይለኛል። 25 ዓመት ማለት በወንጀል ሕጋችን የጽኑ እስራት ጣሪያ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ዕድሜ ልክና ሞት ብቻ ነው፣ ሞት ደሞ ይፈረዳል እንጂ ለመጨረሻ ጊዜ ተፈጸመ የተባለው በ1999 ዓ.ም. ነው። አመክሮ የሚባለውም አለ፣ ጠባዩ የታረመ እስረኛ ከቅጣቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ሲጨርስ ሊወጣ ይችላል። ቅጣቱ አንሷል የሚል ሰው እነዚህን ነገሮች ይዞ ቢከራከር ሰሚ ያገኛል። ድሮ ለአንድ ዓይነት ጥፋት አንዱ ዳኛ ሦስት ዓመት ሌላው ስምንት ዓመት ይሰጥ ነበር፣ ሰውም እያማረረ ቆየና ነው በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የወጣው፣ በ2006 ደሞ ተሻሻለ።

ግን ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነው። «ፖሊስ ይይዛል ፍርድ ቤት ይለቃል» ስትሉ እሰማለሁ። እስቲ እንዴት እንደሚለቀቅ ልንገራችሁ። አንዳንዱ በዋስ ነው የወጣው፣ ዋስ ማለት ደሞ ነጻ ተባለ ማለት አይደለም፣ ክሱ እንዳለ ነው፣ ይሄ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለ መብት ነው፣ ነገ ወንድማችሁ በጥርጣሬ ሲያዝ እናንተም የምትለምኑት እሱኑ ነው። ሌላው ግን የእውነት በነጻ የሚሄደው፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈርሜ የሸኘሁት ማለት ነው፣ ምስክር ስለጠፋ ነው። መጥሪያ ይላካል፣ አይመጡም። ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ አንዱ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ አንዷ ስልኳን ዘግታለች። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ዐቃቤ ሕግ ባዶ እጁን ይቆማል፣ ያን ጊዜ ዳኛ ምን ያድርግ? ያ ሁሉ ሰፈር «ሌባ ሌባ» ብሎ ሲጮህ የነበረ ሰው ችሎት ላይ አንድም የለም።

እና ደሞ ቅጣት ስለጨመረ ሌባ የሚቀንስ እንዳይመስላችሁ። በሞተር ሳይክል እየመጡ ሞባይልና ቦርሳ የሚመነትፉት በበዙ ጊዜ፣ በ2011 ሰኔ ማብቂያ ላይ ከተማው ሞተር እስከማገድ ደርሶ ነበር። እኔ ፊት ከቀረቡት ወጣቶች አንድም ሰው ሕጉ ስንት ዓመት እንደሚል አስቦ የወጣ አላየሁም፣ የሚያስበው እያዛለሁ ወይስ አልያዝም የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ዓመቱን አሥር ብናደርገው ሳይሆን አሥር ሰርቀው ዘጠኙ የሚያዙ ቢሆን ነው ስልካችሁን ይዛችሁ በሰላም የምትሄዱት።

መንገድ ላይ መደብደብማ ተዉኝ። አንዴ መገናኛ ታክሲ ተራ ጋ አንድ ልጅ መሬት ላይ ወድቆ አየሁ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ረዳቱ በእግሩ ይገፋዋል፣ የልጁ አፍ ደም ሆኗል፣ «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እየሮጥኩ የነበረው ታክሲ እንዳያመልጠኝ ነው» ይላል። እውነቱን ነበር። ስልክ የወሰደው ሰው ከሄደ ቆይቷል። የደበደበው ሁሉ ልብሱን እያራገፈ ሲበተን አየሁ፣ ይቅርታ ያለው አንድም አልነበረም።

ሱሱም ላይ ያው ነው። ሺሻ ቤት ተወረረ ሲባል ታጨበጭባላችሁ፣ እሺ ይሁን፣ ግን ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ማዘዣ ለተማሪ የሚሸጠውን ሰው ሰፈሩ በሙሉ እያወቀው ማን ነው ሄዶ የሚጠቁም? ሻጩና ሱስ የያዘው ልጅ ለየቅል ናቸው፣ ለኔ ሻጩ ፍርድ ቤት ነው መቅረብ ያለበት፣ ልጁ ግን መጀመሪያ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለሕክምና ቢሄድ ነው የምመርጠው። ቤተሰብ አፍሮ ይደብቀዋል፣ ደብቆ ደብቆ ልጁ የእናቱን ወርቅ ሲሸጥ ነው ፖሊስ የሚጠራው፣ ያኔ ጉዳዩ ስርቆት ሆኖ እኛ ጋ ይመጣል።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፣ ጁስ ቤት የምትሠራ፣ ሃያ ዓመት እንኳን የሞላት አትመስልም። ሱቋ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ተቀሙ፣ ያየችው እሷ ብቻ ናት። ሦስት ጊዜ መጣች ሦስቱንም ጊዜ ቀጠሮው ተቀየረ፣ አሠሪዋ የቀኑን ሂሳብ እየቆረጠባት። በአራተኛው ሽርጧን ሳታወልቅ በሩጫ ገባች፣ እጇ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። እኔ የጠየቅኳት «ነጥቆ ሮጠ ወይስ ገፍትሯቸዋል?» ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ተራ ስርቆት ከሆነ ከፍ ቢል አምስት ዓመት ነው፣ ኃይል ከተጠቀመ ግን ውንብድና ነው፣ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይሄዳል። የሽማግሌው ልጆች ከኋላ ተቀምጠው «ገፍትሯል በይ» እንደሚሏት በዓይናቸው ይታወቃል። እሷ ትንሽ አሰበችና እጇን ዘርግታ ከጠረጴዛው ላይ መዝገብ የምታነሳ አስመስላ አሳየችኝ፣ «እንዲህ ነው የወሰደው፣ አልነካቸውም፣ የወደቁት ሊከተሉት ሲሉ ነው» አለች።

በስርቆት ጥፋተኛ ተባለ፣ ታሰረ። እሷ ወጥታ ስትሄድ ሽማግሌው በምርኩዛቸው ተነስተው ቆሙላት።