በአይጥ ላይ የሠራ የሕመም ማስታገሻ ሰው ላይ ለምን ይከሽፋል?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ አዲስ የሕመም ማስታገሻ በአይጥ ላይ ተሞክሮ እንደተሳካ በየጊዜው እናነባለን፤ ለዓመታት ለሚያመኝ ወገቤ የሚታዘዝልኝ ግን ያው የድሮው መድኃኒት ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሲወለዱ ጀምሮ ሕመም ተሰምቷቸው የማያውቁ የሰሜን ፓኪስታን ልጆችን አጥንተው፣ ምክንያቱ ናቭ 1.7 የተባለው፣ ሶዲየምን ወደ ነርቭ የሚያስገባው በር አለመሥራቱ እንደሆነ ደረሱበት። ይህን በር የሚዘጋ መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ተደከመ፤ ሆኖም በእንስሳት ላይ ተስፋ የሰጡት ውህዶች በሕሙማን ላይ ሲሞከሩ ውጤታቸው ደካማ ሆነ። አይጥ እግሯን ከጋለ ነገር ላይ ምን ያህል ፈጥና እንደምታነሣ መለካት ቀላል ነው፤ የእርስዎ የወገብ ሕመም ግን እንቅልፍ ማጣቱንና ጭንቀቱን አስከትሎ ስለሚመጣ፣ በእኔ እምነት፣ በዚህ መለኪያ ሊወከል አይችልም። ናቭ 1.8 የተባለውን ተመሳሳይ በር የሚዘጋው ሱዜትሪጂን በጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአዋቂዎች አጣዳፊ ሕመም ተፈቅዷል። ከወገብ ወደ እግር በሚወርድ የነርቭ ሕመም ላይ በተደረገው ሙከራ ግን መድኃኒት የሌለበትን ክኒን የዋጡትም በተቀራራቢ መጠን ተሽሏቸዋል።