ልጄ ግራፉን ሳለችው፣ ግን ማንበብ አልቻለችም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ 2ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ከሰሌዳ ላይ ግራፍ ገልብጣ መጣች። ቀለሙ ያምራል። «ምን ይላል?» ስላት ግን «እኔ እንጃ፣ ሳሉ ተባልን» አለችኝ። ቤት ውስጥ እንዴት ላግዛት?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ልጅሽ ምንም አላጠፋችም። የሳለችው ራሷ ያልቆጠረችውን ነገር ነው።

ደብተሩን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ እሷ የምር ማወቅ የምትፈልገው ነገር ይገኝ። እኔ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የ6 ዓመቷ የልጅ ልጄ «እቴቴ፣ በእኛ በር ባጃጅ ይበዛል ወይስ ሚኒባስ?» አለችኝ። «እስቲ እንቁጠራ» አልኳት። ከሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ለምነን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አንድ ባጃጅ ሲያልፍ አንድ ቆርኪ፣ አንድ ሚኒባስ ሲያልፍ አንድ ቆርኪ፣ በየረድፉ። አህያ ሲመጣ ግን ሮጣ ድንች አመጣች። «አህያ ትልቅ ነዋ!»

ከሩብ ሰዓት በኋላ 12 ባጃጅ፣ 7 ሚኒባስና 3 አህያ ሆነ። የ3ቱ ድንች ሰልፍ ከ7ቱ ቆርኪ ረዘመ። «ከሚኒባስና ከአህያ የቱ በዛ?» አልኳት። «አህያ!» አለች። ከዚያ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ዝም አለች። ድንቹን አንስታ 3 ቆርኪ ተካች። እኔ ምንም አልተናገርኩም። እባክሽ አንቺም እዚህ ጋ አትቸኩዪ፣ ራሷ ትድረስበት። ሁሉም እኩል መጠን እንዲኖረውና ከአንድ መስመር እንዲጀምር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ወደ ወረቀት የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለአንድ ቆርኪ አንድ ሳጥን ትቀባለች።

ከዚያ ጠይቂያት። ባጃጅ ከሚኒባስ በስንት ይበልጣል? ሰኞ ጠዋትስ እንደዚሁ ይሆናል? ይሄን ግራፉ አይነግራትም፣ ሰኞ እንደገና መቁጠር አለባት። እ.ኤ.አ. በ1786 ዊሊያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ የስኮትላንድን ንግድ በባር ግራፍ (እንደ ቆርኪ ረድፎቻችን ርዝመታቸው በሚነጻጸር ዘንጎች) ያሳየውም የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበረው ነው። የእኛ ደግሞ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት።

እናንተ ጋ ውሃ በፈረቃ ከሆነ እሱንም ሞክሩት። ውሃ በመጣ ቀን አንድ ቆርኪ፣ ለየሳምንቱ አንድ ረድፍ። 4 ሳምንት ሲሞላ ጀሪካን መቼ መሞላት እንዳለበት እሷን ጠይቂያት።