«አፒዝ» ማባበል ነው፣ መለማመጥ ነው ወይስ ማስታረቅ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ወዳጆች። እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልስ እጄን ከሚይዙኝ ቃላት አንዱ «አፒዝ» (appease) ነው። «ማስደሰት»፣ «ማስታገስ»፣ «ማባበል» ተብሎ ይተረጎማል። ሦስቱም የሚሠሩበት ቦታ አለ፤ ሦስቱም ያለቦታቸው ሲገቡ ያሳስታሉ። ስለዚህ ቃል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ በየተራ።

ልጄ ሲያለቅስ ከረሜላ ሰጥቼ ዝም አሰኘዋለሁ። አፒዝ አደረግኩት ማለት ነው?

እንደ ሁኔታው ነው እህቴ። ወድቆ ተጎድቶ ቢያለቅስና ቢያባብሉት «ሱዝ» የሚለው ይሻላል። ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ ሱቅ በር ላይ ቢንፈራፈር፣ እርስዎም ሰው አየኝ ብለው ቢገዙለት ግን አዎ፣ አፒዝ አድርገውታል። ቃሉ ውስጥ የተቆጣ ወይም ሊቆጣ የሚችል አለ፤ ጠብ የማይፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ ቁጣው እንዲበርድ የሚሰጥ ነገርም አለ።

ታዲያ «ማስታረቅ» ብንለው ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። በእኛ ሽምግልና ማን እንዳጠፋ ይጣራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይቅር ይባባላሉ። አፒዝ ውስጥ ጥፋተኛውን የሚለይ ሽማግሌ የለም። የተቆጣው ዝም ይላል፤ ነገሩ ግን እንዳለ ነው። ለማስታረቅ እንግሊዝኛው «ሪኮንሳይል» አለው። «መንግሥት ተቺዎችን አፒዝ ለማድረግ ሚኒስትሩን አነሳ» የሚል ዜና ስትተረጉሙ «ተቺዎችን ለማስታረቅ» ካላችሁ ያልተፈጠረ ዕርቅ ፈጠራችሁ። «የተቺዎችን ቁጣ ለማብረድ» በሉት።

ሁልጊዜ ስድብ ነው? አስተማሪያችን «የፈሪ ቃል ነው» አሉን።

አስተማሪህ የዛሬውን የፖለቲካ አጠቃቀም ነው የነገሩህ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩም «ሰላም» ማለት ነው። (መክፈል ማለት የሆነው «ፔይ» እንኳ ከዚሁ የላቲን ሥር የወጣ ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።) በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብ ዔሳውን ፈርቶ ስጦታ ያስቀደመበት ቦታ ላይ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ያዕቆብ ወንድሙን በድሏል። 220 ፍየል፣ እንዲሁም ግመል፣ ላምና አህያ አስቀድሞ ሰደደ። የሰጠው ከገዛ መንጋው ነው። ይህ እጅ መንሻ ነው፤ ነውር የለበትም።

ቃሉ የቆሸሸው በ1930ዎቹ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ የእኛም ነውና። ኦክቶበር 1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። ሙሶሊኒን እንዳናስቀይመው ነው ነገሩ። በዲሴምበር የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫል ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሰው ለጣሊያን ለመስጠት ተስማሙ። ዕቅዱ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ቢሆንም በኖቬምበር 1938 እንግሊዝ ለጣሊያን የኢትዮጵያ ግዛት በይፋ ዕውቅና ሰጠች።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን ጀርመን፣ ሙኒክ ሄዶ ሱዴተንላንድ የተባለውን የቼኮዝሎቫኪያ ክፍል ለሂትለር ፈቀደ። የአገሩ ባለቤቶች ጉባኤው ላይ አልተቀመጡም። በማርች 1939 ሂትለር ዋና ከተማቸው ፕራግ ገባ። ከዚያ ወዲህ «አፒዝመንት» (አፒዝ ማድረግ) ሲባል የሚታሰበው ይህ ነው። ያዕቆብ የራሱን ፍየል ሰጠ፤ እነዚህ የሰው መሬት ሰጡ። ለእኔ የሁለቱ ትርጉሞች ድንበር እዚህ ላይ ነው። ለዚህኛው «ማባበል» ይለሰልሳል፤ «መለማመጥ» ወይም «መደለል» እላለሁ።

ለአፒዝ የሚቀርቡት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ፕሌኬት፣ ፓሲፋይና ሞሊፋይስ?

ፕሌኬት በጣም ይቀርበዋል፤ የሙኒክ ጥላ ግን የለበትም። ደንበኛ ሲቆጣ ቅናሽ አድርጎ ማብረድ ፕሌኬት ነው። ሞሊፋይ «ለስላሳ» ከሚል ሥር ስለመጣ «ማለሳለስ» በደንብ ይይዘዋል። ፓሲፋይ ሁለት ፊት አለው። አሜሪካኖች ሕፃን አፍ ውስጥ የሚደረገውን የሚጠባ ጎማ «ፓሲፋየር» ይሉታል። ጦር አዝምቶ አካባቢን ጸጥ ማድረግም ፓሲፋይ ነው።

አሜሪካ ነው የምሠራው። ለአለቃዬ «አንተን አፒዝ ለማድረግ ሪፖርቱን አስተካክያለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ቅር አለው። ለምን?

አይዞህ ወንድሜ፣ ልብህ ንጹሕ ነበር። እሱ የገባው ግን ሌላ ነው፦ «ባላምንበትም ጭቅጭቅህን ለማቆም ብዬ ነው።» አፒዝን ስለ ሦስተኛ ሰው እንጂ ፊት ለፊት ለሚያነጋግሩት ሰው መጠቀም ያስቀይማል። «አስተያየትህን ተቀብዬ አስተካክያለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። አሁንም ቀለል አድርገህ እንዲህ ለማለት እንደፈለግህ ብትነግረው ይረዳሃል።

ለሰው ብቻ ነው የሚውለው?

አይደለም። ረሃብን አፒዝ ማድረግ ማስታገስ ነው። ሕሊናን ከሆነ «ሕሊናውን ለማባበል» ያምራል። አማልክትንና መናፍስትን ከሆነ ቁጣቸውን ማብረድ ነው፤ ዛር ላለበት ሰው የሚቀርበውን ግብር ለፈረንጅ ሳስረዳ የምጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው።

አነባበቡስ?

ጉልበቱ «ፒ» ላይ ነው፣ መጨረሻውም «ዝ»። በ«ስ» ከጨረሳችሁት «አንድ ቁራጭ» ማለት ይሆናል።