ሚስቴ ኮሪያዊ ወንድ እያንሾካሾከላት ነው የምትተኛው

«ባለቤቴ መብራት ካጠፋን በኋላ ኢርፎን ትሰካና የኮሪያ ወንድ ሲያንሾካሹክ እየሰማች ትተኛለች። ከቪዲዮው ስር ያለውን እንግሊዝኛ አንድ ቀን አነበብኩት፤ ‹ዛሬ ደክሞሻል አይደል? በልተሻል?› ይላታል። ወንድ ልጅ እንዲህ ይቅለሰለሳል እንዴ? እኔ ከሥራ ገብቼ ኳስ አያለሁ እንጂ ምንም አላስከፋኋትም።»

ወንድሜ፣ ቅናትህ ይገባኛል። ግን ይሄን ነገር የአልጋ ጉዳይ ብቻ አድርገህ አትየው። ኤኤስኤምአር ይባላል፤ ሹክሹክታና ለስላሳ ድምፅ እያሰማ ሰውን ዘና የሚያደርግ ቪዲዮ ነው። በ2015 በወጣ አንድ ጥናት 475 ተጠቃሚዎች ተጠይቀው፣ አብዛኞቹ ዘና ለማለትና ለእንቅልፍ ነው ያሉት። ለወሲብ ስሜት ያሉት ከመቶ 5 ያህል ናቸው።

የኮሪያው «የወንድ ጓደኛ» ቪዲዮ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ልጁ ብርድ ልብስ ያለብሳል፣ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በቀጭን እንጨት ጆሮ እንደሚጠርግ ሆኖ ይተውናል። እዚያ አገር ጆሮ መጥረግ ብዙ ጊዜ የእናት ሥራ ነው። «በልተሻል?»ም ተራ ሰላምታ ነው። ስለዚህ ሚስትህ የምትሰማው በጎረምሳ ድምፅ የመጣ የእናት እንክብካቤ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ደግሞ የደቡብ ኮሪያ ወንድ ሁሉ እንዲህ ለስላሳ እንዳይመስልህ። ጤነኛ ወንድ ከጥቂቶች በቀር ወታደር ቤት ይገባል፣ በምድር ጦር አሁን 18 ወር ነው፤ እዚያ ትእዛዝ እንጂ ሹክሹክታ የለም። ቪዲዮዎቹንም ልብ ብለህ ስማቸው። «ያን አጭር ቀሚስ አትልበሺ፣ ቶሎ ግቢ» የሚል ቀናተኛም ሞልቷል። ያው የድሮው አዛዥ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ በላይ ደግሞ ይሄ የቪዲዮ ሰውዬ አይደክመውም፣ እራት የለም ወይ አይልም፣ «እስቲ እኔንም ስሚኝ» ብሎ አያውቅም። ከእሱ ጋር አትፎካከር። (የሴት ጓደኛ ድምፅ ያለውም አለ፤ የሚሰሙት ብዙ ወንዶች ናቸው።)

ስልኳን አትደብቅ፣ አትበርብር። ቅዳሜ ቡና ላይ ሳትቆጣ «ምኑ ነው የሚያሳርፍሽ?» በላት። «እንቅልፍ ያመጣልኛል» ካለችህ በቃ፣ ተዋት። «የሚጠይቀኝ ሰው አጣሁ» ካለች ግን አትከራከር፣ ስማት። እንደ ልጁ ማንሾካሾክ አይጠበቅብህም፣ ያስቅብሃል። ኳሱ ሳይጀመር ቴሌቪዥኑን ዘግተህ እንዴት እንደዋለች ጠይቃት። ያለ ኢርፎኑ ጭራሽ የማትተኛ ከሆነ ወይም አንተን መሸሽ ከጀመረች ሁለታችሁም አንድ ላይ ባለሙያ ጋ ሂዱ።