አውቶቡሱ የቆመበት መስመር

ውድ ልጆቼ፣

የትምህርት ፖሊሲ የምታጠኑት ልጆች ስታገኙኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። "ጋሼ፣ ደቡብ አፍሪካም አሜሪካም አስተምረዋል። ዘረኝነትን ከትምህርት ቤት በማውጣት የትኛው ይሻላል?" በእግሬ ቆሜ የምመልሰው አይደለምና ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለ አንድ ታውንሺፕ፣ ማለት በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች ብቻ በተከለለ ሰፈር፣ ሒሳብ አስተምር ነበር። ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪ፣ 40 ወንበር። ያረፈደ ቆሞ ይማራል። ታዲያ የሚያረፍድ አልነበረም፤ ገና በሩ ሳይከፈት ተሰልፈው አገኛቸዋለሁ። በታክሲ ሃያ ደቂቃ ርቆ ድሮ የነጮች ብቻ የነበረ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የክሪኬቱ ሜዳ ሣር በየጠዋቱ ውሃ ይጠጣል።

ይሄ እንግዲህ ማንዴላ ተመርጦ፣ ጥቁሮችን ለብቻ ዝቅ ያለ ትምህርት ያስተማረው የ1953ቱ የባንቱ ትምህርት ሕግ ታሪክ ከሆነ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ መንግሥት ለአንድ ነጭ ተማሪ የሚያወጣው ለጥቁሩ ከሚያወጣው ከ10 እጥፍ በላይ ነበር። ያ ቀርቷል። ግን የ1996ቱ ሕግ ወላጆች የሚበዙበት የትምህርት ቤት ቦርድ ክፍያ እንዲጥል ፈቀደ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ገንዘብ ያለው ወላጅ ጠቅልሎ ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዳይሸሽ ነው። ውጤቱ ግን ሀብታሙ ሰፈር በክፍያው ተጨማሪ አስተማሪ ቀጠረ። ከ2007 ጀምሮ የድሃው ትምህርት ቤት ነፃ ሆነ፤ እሰየው ነው፣ ግን በመንግሥት በጀት ላይ የሚጨምረው የለውም። በ2021 በተደረገው ዓለም አቀፍ የንባብ ፈተና ከአገሪቱ የአራተኛ ክፍል ልጆች 81 በመቶው ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም።

አሜሪካ የተለየ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር የተለያየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የምመክራችሁ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጡትን ሁለት ውሳኔዎች እንድታነቡ ነው። ሁለቱም በ5 ለ 4 ድምፅ ያለፉ ናቸው። በ1973 ከቴክሳስ በመጣው ክስ፣ ከየሰፈሩ በሚሰበሰብ የቤትና የመሬት ግብር ምክንያት የድሃና የሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤት በጀት ቢለያይ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም ተባለ። በ1974 የዲትሮይት ተራ ደረሰ። ነጮቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጥተው ስለነበር የሥር ፍርድ ቤት የ53 የዳርቻ ዲስትሪክቶችን (የየራሳቸው የትምህርት አስተዳደር ያላቸውን አካባቢዎች) ተማሪዎች በአውቶቡስ እያመላለሰ ከከተማው ልጆች ጋር ሊያቀላቅል አስቦ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ዲስትሪክቶቹ ራሳቸው ልጆችን በዘር በመለየት ጥፋተኛ መሆናቸው ካልተረጋገጠ አውቶቡሱ የዲስትሪክቱን መስመር አያልፍም አለ። ከዚያ ወዲህ ካርታ ሳላይ ስለ ትምህርት ቤት አልከራከርም።

አንዷ ተማሪ "ታዲያ ደቡብ አፍሪካ ለምን አውቶቡስ አልሞከረችም?" አለችኝ። ቁጥሩን አስቢው አልኳት። እዚያ ከመቶ ሰው 80 ያህሉ ጥቁር ነው፤ ድሮ የነጮች የነበሩት ትምህርት ቤቶች ተደምረው የታውንሺፑን ልጅ አይችሉትም። ጥቁሮች ከመቶ 13 ገደማ በሆኑበት አሜሪካ ግን ማቀላቀል ቢያንስ በሒሳብ ያስኬዳል። የአንዱን አገር መድኃኒት ገልብጣችሁ ለሌላው እንዳታዙ የምላችሁ ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ሜሪላንድ ቤት ስንፈልግ ስልኬ ላይ ከየቤቱ ዋጋ ሥር የትምህርት ቤቱ ነጥብ ተጽፏል፤ ከአሥር ስምንት፣ ከአሥር ሦስት። የኛ ሰው ቤት ሲገዛ ከመኝታ ቤቱ ቁጥር በፊት "ስኩሉ እንዴት ነው?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔም ጠየቅኩ። ከአቅማችን በላይ ተበድረን ስምንቱ ጋ ገዛን። "ለልጆቼ ብዬ ነው" አልኩ። የጆሃንስበርጉ ከፋይ ወላጅም የሚለው ይሄንኑ ነው።

ልጆቼ እዚያ ተማሩ። እኔ በየጠዋቱ መኪናዬን አስነስቼ ሦስቱ ጋ እሄድ ነበር። የማስተምረው እዚያ ነበር።