ስለ ቻትስወርዝ ቤት ጠይቁ፤ ልመልስ

የዛሬው ርዕስ በእንግሊዝ ደርቢሸር አውራጃ የሚገኘው የዴቨንሸር ዱኮች (ከፍተኛ መኳንንት) መኖሪያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ማን ሠራው?

መልስ፦ ከጀርባው ያለችው ሴት ናት፤ የሃርድዊኳ ቤስ። አራት ጊዜ አግብታለች። ሁለተኛው ባሏ ዊልያም ካቨንዲሽ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲዘጋ ንብረት ከተረከቡት ሹሞች አንዱ ነበር። በዚያው በለጸገ። ደርቢሸር የእሷ አገር ነው። በ1549 መሬቱን በ600 ፓውንድ ገዙ፤ በ1552 ግንባታ ጀመሩ። አሁን የምታዩት ግን የቤስ ቤት አይደለም። የመጀመሪያው ዱክ ከ1687 ጀምሮ እያፈረሰ እንደገና ሠራው።

ጥያቄ፦ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ታስራበታለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ በተለያየ ጊዜ። ጠባቂዋ የቤስ አራተኛ ባል ነበር።

ጥያቄ፦ ቤቱ ደርቢሸር ሆኖ ዱኮቹ ለምን በሌላ አውራጃ ስም "የዴቨንሸር" ተባሉ?

መልስ፦ እዚያ አገር ማዕረግና ርስት የግድ አብረው አይሄዱም። የቤስ ልጅ የዴቨንሸር ኧርልነትን (ከዱክ ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው) በ1618 ያገኘው ለንጉሥ ጄምስ 10,000 ፓውንድ ከፍሎ ነው። በገንዘብ ማለት ነው! ዱክነቱ በ1694 መጣ፤ አራተኛው ኧርል በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነውን የኦሬንጁን ዊልያም ከሆላንድ ከጠሩት ሰባት ሰዎች አንዱ ስለነበሩ።

ጥያቄ፦ ሙዝ ከዚህ ቤት ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው ካቨንዲሽ ይባላል። የዱኮቹ የቤተሰብ ስም ነው። የአትክልት ኃላፊው ጆሴፍ ፓክስተን በ1830ዎቹ እዚያው በመስታወት ቤት አሳደገው። ይኼ ሰው የገበሬ ልጅ ነው፤ በኋላ የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ የነደፈው እሱ ነው። በ1844 ደግሞ የሩሲያው ዛር ይመጣል ተብሎ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ትልቅ ፏፏቴ ሠራ። ፓምፕ የለውም፤ ውሃው ከኮረብታው ሐይቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ዛሩ ግን ቀረ።

ጥያቄ፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስንቱ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት ሲፈርስ ይኼ እንዴት ተረፈ?

መልስ፦ ለጥቂት ነው የተረፈው። ወራሹ ዊልያም በግንቦት 1944 የጆን ኤፍ ኬኔዲን እህት ካትሊንን አገባ። በመስከረም ቤልጂየም ውስጥ በጦርነት ተገደለ። (እሷም በ1948 በአውሮፕላን አደጋ ሞተች፤ የተቀበረችው ከቻትስወርዝ አጠገብ ባለው መንደር ነው። ኬኔዲ በ1963 መቃብሯን ጎብኝቷል።) ውርሱ ወደ ታናሽ ወንድሙ አንድሩ ዞረ። አባትየው፣ አሥረኛው ዱክ፣ የውርስ ግብር እንዳይመጣ ንብረቱን ቀድሞ አስተላልፎ ነበር። ሕጉ ግን ያኔ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት መኖር አለብህ ይል ነበር። ጥቂት ወራት ሲቀሩት በኅዳር 1950 አረፈ። ግብሩ 80 በመቶ ሆነ! መሬት ተሸጠ፤ ውድ ሥዕሎች ሄዱ፤ ሌላው የቤስ ቤት ሃርድዊክ ሆል ለመንግሥት ተሰጠ። ቻትስወርዝን ግን አልለቀቁም። እኔ አንድሩንና ሚስቱን ዴቦራን አደንቃለሁ፤ በ1959 ገብተው መኖር ጀመሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዛሬ የማን ነው?

መልስ፦ ከ1981 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቤተሰቡ ይኖርበታል፣ ኪራይ እየከፈለ። ሕዝቡም ትኬት ቆርጦ ይገባል።