ስለ አረፋ ጠይቁኝ፤ ስለ ቤት ዋጋ ግን ተዉኝ

አራት ኪሎ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አረፋ በሉት ባብል፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። የድስት ነው፣ የሳሙና ነው፣ የገበያ ነው? ለይታችሁ ጠይቁ። ቤት ግዙ አትግዙ ግን አልልም።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁን ባብል ውስጥ ነን?

መልስ፦ የምን ባብል? ከላይ ያለውን አንብብ።

ከስድስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ንፍሮ ስጥድ ውሃው ሲንተከተክ ይውላል፣ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። እሳት ልጨምርበት?

መልስ፦ እሰይ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እስቲ ማንቆርቆሪያ ጥደሽ ክዳኑን ከፍተሽ እዪ። መጀመሪያ ጎኑ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች እንፋሎት አይደሉም። ውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው፤ ውሃ ሲሞቅ አየር መያዝ ያቅተዋል። ቆየት ብሎ ተለቅ ያሉ ከታች ይነሱና መንገድ ላይ ይጠፋሉ። እነዚያ እንፋሎት ናቸው፤ ከላይ ያለው ውሃ ገና ስላልሞቀ መልሶ ውሃ ያደርጋቸዋል። ማንቆርቆሪያው የሚያጉረመርመውም ያኔ ነው። ሳይጠፉ ላይ ሲደርሱ ፈላ እንላለን።

አረፋው ሳይጠፋ እንዲቆይ ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም አለበት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። የሚጫነን አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጅቡቲ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ገደማ ይፈላል። እሳት ብትጨምሪ አረፋው ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ከሰልሽን ነው የምትጨርሺው። ማታውኑ ዘፍዝፊው፤ ወይም ፕሬሸር ኩከር ውስጥ ክተቺው። እንፋሎቱን አፍኖ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን እንዳትነኪ!

ከካዛንቺስ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እናቴ እሳት ስትጨምር ቶሎ ይደርሳል።

የፒያሳ ልጅ፦ ሶዳ ጣል አድርጋበት ይሆናላ።

ከካዛንቺስ፦ አንተ እናቴን ታውቃታለህ እንዴ?

ከሜክሲኮ፦ ሶዳ ጣዕሙን ያበላሸዋል፣ እኛ ቤት አይገባም።

መልስ፦ ሶዳ ያለሰልሳል፣ እውነት ነው። እናት ውስጥ ግን አትግቡ። ቀጣይ።

ከሜክሲኮ፦ ወንድሜ ጅቡቲ ባሕር ጠልቆ ሲዋኝ ሰንብቶ በማግስቱ ሊበር ነው። ደም ውስጥ አረፋ ይፈጠራል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከአየር ሲሊንደር ሲተነፍስ ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። የሚጫነው ነገር በድንገት ሲቀልለት አረፋ ሆኖ ይወጣል። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ሊሳሳ ይችላል። እኛ እኮ እዚሁ በእግራችን ቆመን ያንኑ ልናክል ምንም አልቀረን! ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ በመኪናም ቢመጣ ያው ነው። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ 24 ቢሆን ይሻላል። መገጣጠሚያው ላይ ሕመም ከተሰማው አይሳፈር፣ ሐኪም ጋ ይሂድ። ፕሬሸር ኩከሩም ላይ ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ግፊትን በድንገት አትልቀቁ።

ከአምባሳደር፦ የሳሙና አረፋ ለምን ክብ ሆነ?

መልስ፦ ያንኑ አየር በትንሹ ቆዳ የሚይዘው ቅርጽ ክብ ስለሆነ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ የቤት ዋጋ ማለቴ ነበር። ባብል ነው አይደለም?

መልስ፦ አልልም አልኩ እኮ። ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ሰው ዕቃውን ፈልጎት ሳይሆን ነገ ሌላው አስወድዶ ይገዛኛል ብሎ ብቻ ሲገዛ፣ ያ ነው ባብል። ሆላንዶች በ1637 የቱሊፕ አበባ ሥር በውድ ገዝተው ከሰሩ። በ1720 ለንደን ውስጥ ኒውተን ራሱ፣ ያ ሁሉ ጭንቅላት ይዞ፣ በአክሲዮን ከሰረ። አሜሪካ ውስጥ ናስዳክ የሚባለው የአክሲዮን ገበያ ከመጋቢት 2000 ተነስቶ በሁለት ዓመት ተኩል ሦስት አራተኛውን አጣ። ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ያንተን ኮንዶሚኒየም አላውቅም።

ከካዛንቺስ፦ እሺ የማኪያቶው አረፋስ? ፒያሳ የተሻለ ነው ይላሉ።

ከሜክሲኮ፦ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ የትኛው ፒያሳ?

የፒያሳ ልጅ፦ ተው እንጂ፣ እሱን አታንሳብን!

መልስ፦ የወተቱ ፕሮቲን ነው አረፋውን የሚይዘው። የቱ ቤት ይሻላል የሚለውን እናንተው ተጨቃጨቁ።

ከስድስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ በ92 የሚፈላ ከሆነ ቡናችንም ጥሬውን ነው የምንጠጣው ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የቡና ባለሙያዎች ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ባለው ውሃ አፍሉ ነው የሚሉት። ጅቡቲ ያለው ሰው ውሃው ከፈላ በኋላ በረድ እስኪልለት ይጠብቃል። አንቺ ልክ እንደፈላ ትጨምሪበታለሽ። ባቄላሽን ግን ዛሬ ማታ ዘፍዝፊው።